አንዱ አያቴ በየካቲት መሬት አገኘ፣ ሌላው በሐምሌ ቤት አጣ፦ ሶሻሊዝም ምንድን ነው?

የሂርማታ ልጅ | እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ ቤታችን ቡና ላይ የተነሳው ክርክር እስካሁን ከጭንቅላቴ አልወጣም። የተከራከሩት አባቴና አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም፣ ናቸው። አጎቴ በረካው ሳይቀዳ ተነስቶ ሄደ። እኛ ቤት በረካ ሳይጠጡ መውጣት ትንሽ ነገር አይደለም።

ያጣላቸው ሶሻሊዝም ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአባቴ አባት ጅማ አጠገብ ማና ውስጥ ጭሰኛ ነበር። የሰው መሬት ያርሳል፣ ካመረተው ሲሶውን ለባለመሬቱ ይሰፍራል። የእናቴ አባት ደግሞ እዚሁ ጅማ ከተማ ሂርማታ ልብስ ሰፊ ነበር። ሃያ ዓመት የስፌት መኪናው ላይ ጎንብሶ ሁለት ቤት ሠራ። በአንዱ ይኖራል፣ ሌላውን ያከራያል።

1967 ዓ.ም. መጣ። የካቲት 25 የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። ጭሰኛው አያቴ የሚያርሰው መሬት የራሱ ሆነ። ሐምሌ 19 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ወጣ። ልብስ ሰፊው አያቴ የሚያከራየውን ቤት ተወረሰ። መንግሥቱ አንድ፣ ዓመቱ አንድ፣ በመሀሉ አምስት ወር።

አባቴ «ሰው ያደረገን ሶሻሊዝም ነው» ይላል። አጎቴ «የአባቴን ላብ የቀማ ነው» ይላል። ሁለቱም አይዋሹም። እኔ ግን የቃሉን ትርጉም በደንብ እንደማላውቅ ዛሬ ገባኝ። ካፒታሊዝምስ ምንድን ነው? አሁን የምንኖረው በእሱ ነው? ጥሩውንም መጥፎውንም ሳይደብቅ የሚያስረዳኝ ሰው እፈልጋለሁ። እባካችሁ ስድብ አይሁን።

እናት ጓዳ | እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡48

ልጄ፣ እኔ ከመጽሐፍ አላውቀውም። የማውቀው ሰልፉን ነው። ስኳር የሚሰጠው በቀበሌ ሱቅ በኮታ ነበር። ሌሊት ወጥተን ድንጋይ አስቀምጠን ወረፋ እንይዛለን። ድንጋዬ ከመንገዱ ዳር ሦስተኛ ነበር እያልን እንጨቃጨቃለን። አንድ ቀን ልጅ አዝዬ እስከ ስድስት ሰዓት ቆሜ ተራዬ ሲደርስ አለቀ ተባልኩ። የዚያን ቀን ያለቀስኩት ስለ ስኳሩ አልነበረም። ገንዘብ በእጄ ይዤ እንደ ለማኝ መቆሜ ነው ያቃጠለኝ።

ደግሞ ሌላውንም ልናገር፣ ውሸት እንዳይሆንብኝ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ባሌ ይከለክለኝ ነበር፣ ቀበሌ ግዴታ ነው ሲለው ተወኝ። ይህን ለአንቺ የምጽፈው በዚያ ፊደል ነው።

መምህሩ ከሰቃ | እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡30

እናታችን ትልቅ ነገር ተናገሩ። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው በ1971 ዓ.ም. ተጀምሮ በዓመቱ የዩኔስኮን ሽልማት ያገኘ ነው። ሰልፉም ዘመቻውም ከአንድ መንግሥት የወጡ ናቸው።

ወደ ትርጉሙ ልግባ። የሁለቱ ልዩነት የሚጀምረው ከአንድ ጥያቄ ነው። ማምረቻው የማን ነው? ትርፉስ የት እንደሚገባ ማን ይወስናል?

የምናውቀውን ነገር እንውሰድ። አንድ የቡና መፈልፈያ ሳይት አስቡ። ማሽን አለ፣ ገንዳ አለ፣ ማድረቂያ አልጋ አለ። አንድ ኪሎ የታጠበ ጥሬ ቡና ለማግኘት ስድስት ኪሎ ገደማ እሸት፣ ማለትም ከዛፍ የተለቀመ ቀይ ፍሬ፣ ይገባል። ይህን ሳይት አንድ ባለሀብት ካቆመው፣ እሸቱን ከገበሬ ይገዛል፣ ሠራተኛ ይቀጥራል፣ ቡናውን ይሸጣል። ወጪውን ሲቀንስ የቀረው የእሱ ነው። ቢከስርም የሚከስረው እሱ ነው። ያተረፈውን መልሶ ሁለተኛ ሳይት ይሠራበታል። ካፒታሊዝም ይህ ነው። ገበያ ስለኖረ ብቻ ካፒታሊዝም አይባልም። የሂርማታ ገበያ ከአባ ጅፋር ዘመን ጀምሮ አለ። ካፒታሊዝም የሚሆነው ማምረቻው በጥቂቶች እጅ ሆኖ፣ ብዙው ሰው ጉልበቱን ሸጦ የሚያድርበት ሥርዓት ሲሆን ነው።

ሶሻሊዝም ደግሞ ሳይቱ የጋራ ይሁን ይላል። «የጋራ» የሚለው ቃል ግን ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው መንግሥት ይያዘው ነው። ሁለተኛው እሸቱን የሚያመጡትና የሚያጥቡት ሰዎች ራሳቸው ይያዙት ነው። እዚህ አገር ሶሻሊዝም ሲባል ወደ ሰው አእምሮ የሚመጣው የመጀመሪያው ብቻ ነው።

ማርክስ በ1867 እ.ኤ.አ. ባወጣው «ካፒታል» ትርፍ እሴት የሚለውን ሐሳብ አስፍሯል። ሠራተኛው በቀን የሚፈጥረው ዋጋ ከሚከፈለው ደመወዝ ይበልጣል፣ ልዩነቱ ለባለ ማምረቻው ይቀራል ነው ነገሩ። ከእሱ በፊት አዳም ስሚዝ በ1776 እ.ኤ.አ. ሰው ለራሱ ጥቅም ሲሮጥ ሳያስበው ለሌላውም ይጠቅማል ብሎ ነበር። እኔ ሁለቱም የየራሳቸው እውነት አላቸው ባይ ነኝ። ዳቦ ጋጋሪው ስለሚወደኝ አይደለም ዳቦ የሚሸጥልኝ። ለጋጋሪው ተቀጥሮ ሌሊት ሊጥ የሚያቦካው ልጅ ግን ስለ ስንት እንደሚከፈለው ብዙ ምርጫ የለውም።

አንድ እርማት። መሬቱ «የራሱ ሆነ» ብለሻል። በአዋጁ መሬት የመንግሥት ነው የሆነው። አያትሽ ያገኙት እስከ 10 ሄክታር የመጠቀም መብት ነው። መሸጥ፣ ማከራየት፣ በሰው ማሳረስ ክልክል ነበር። ዛሬም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም። ስለዚህ «አሁን የምንኖረው በካፒታሊዝም ነው?» ላልሽው መልሱ ድብልቅ ነው የሚሆነው።

ጀንፈል | ሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡15

መምህር፣ ጥሩ አድርገህ አስረድተሃል። የዘለልከው ግን ዋናውን ነው። ዋጋ።

እኔ ቡና ነጋዴ ነኝ። አባቴም ነበር። ዋጋ ማለት መልእክት ነው። ብራዚል ውርጭ ሲመታት የዓለም ቡና ያንሳል፣ ዋጋው ይወጣል። ጌራ ያለ ገበሬ በዚያው ሰሞን ስልኩን አንስቶ «ስንት ገባ?» ይለኛል። ማንም ስብሰባ አልጠራም። ማንም መመሪያ አላወረደም። እሸቱን በደንብ ይለቅማል፣ የተረሳውን ጥግ ያርማል፣ ችግኝ ይገዛል። ይህን ሁሉ ያሠራው ዋጋው ነው። ማንም ቢሮ ተቀምጦ ይህን ሊተካ አይችልም። የሺህ ገበሬ ጓሮ ውስጥ ያለውን እውቀት አንድ ጠረጴዛ ላይ መሰብሰብ አይቻልም።

አሁን ታሪኩን ስሙ። ትልቁ የብራዚል ውርጭ የመጣው በሐምሌ 1975 እ.ኤ.አ. ነው። ልብ በሉ፣ የእህታችን አያት ቤታቸውን በተወረሱበት በዚያው ወር። የዓለም የቡና ዋጋ ወጥቶ ወጥቶ በ1977 እ.ኤ.አ. ጣሪያ ነካ። ለጅማ ገበሬ በዕድሜ አንዴ የሚመጣ ዕድል ነበር። ምን ሆነ? አብዛኛው ጭማሪ በቀረጥ ወደ መንግሥት ካዝና ገባ። በኋላም ቡና የሚገዛው መንግሥት፣ ዋጋ የሚቆርጠው መንግሥት ሆነ። የሚያውቁት ሽማግሌዎች እንደሚነግሩኝ ቡናውን ነቅሎ በቆሎ የዘራ ሰው ነበር። ቡና! ጅማ ላይ!

እናቴ ለእህቷ ሠርግ አምስት ኪሎ ቡና ከልብስ ጋር ጠቅልላ አዲስ አበባ ልትወስድ ስትል ኬላ ላይ ተገኘባት። ከጓሮዋ የለቀመችውን ቡና እንደ ሌባ ተፈትሻ ተወሰደባት። እስክትሞት ያንን ኬላ ባለፍን ቁጥር ፊቷን ታዞር ነበር።

ሌላም ልጨምር። በ1968 ዓ.ም. የግል ካፒታል ጣሪያ ተቆረጠለት። ለኢንዱስትሪ 500,000 ብር፣ ለጅምላ 300,000፣ ለችርቻሮ 200,000። ጎበዝ ሆነህ ከዚያ በላይ ካደግህ ወንጀለኛ ነህ። እንዲህ ባለ አገር ማን ፋብሪካ ይከፍታል?

የሂርማታ ልጅ | ሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡00

ጀንፈል፣ የእናትህ ታሪክ ልቤን ነካው። ግን ልጠይቅህ። ዋጋ ለጭሰኛው አያቴ ምን መልእክት ነበረው? ቡና ቢወደድም ሲሶው የሌላ ሰው ነው። መሬቱን «ውጣ» ቢሉት ይወጣል። እንደዚያ ላለ ሰው ነፃ ገበያ ምን ነፃ አለው?

የድሮ ዘማች | ሰኞ፣ ከቀኑ 7፡20

ልጄ ጥያቄሽ ጥሩ ነው። እኔ ነበርኩበትና ልመልስልሽ።

በ1967 ዓ.ም. የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። በእድገት በኅብረት ዘመቻ 60,000 ገደማ ተማሪና መምህር ወደ ገጠር ሲላክ እኔ ከፋ ጠቅላይ ግዛት ደረሰኝ። የተመደብኩበት ቦታ ከጅማ በእግር የአንድ ቀን መንገድ ነው። የመጣነው «መሬት ለአራሹ» እያልን ጎዳና ላይ ስንደበደብ የኖርን ልጆች ነን። አሁን አዋጁን በእጃችን ይዘን ገመድ እየዘረጋን ነበር።

አንድ ሽማግሌ ጭሰኛ ነበሩ። መሬታቸውን ስንለካ ከኋላችን እየተከተሉ አንድ ጥያቄ ብቻ ይደጋግማሉ። «ለመኸሩ ሲሶውን ማን መጥቶ ይወስዳል?» ማንም አይመጣም አባባ፣ ሁሉም የእርስዎ ነው እንላቸዋለን። ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። መኸር ደረሰ። ሄድኩ። ምርቱን አስገብተዋል። ግን ሲሶውን ለይተው ግቢው ጥግ ላይ ከምረው በሙዝ ቅጠል ሸፍነውታል። «ቢመጡስ?» አሉኝ። እስከ ጥር ድረስ አልነኩትም። በጥር ልጆቻቸው አስፈጩት። የዚያን ቀን ጠርተውኝ አብሬያቸው በላሁ። በሕይወቴ እንደዚያ የጣመኝ ምግብ የለም።

ስለዚህ ጀንፈል ወንድሜ፣ ስለ ዋጋ የጻፍከው ትክክል ነው። ግን ዋጋን የሚሰማው መሬት ያለው ሰው ነው። ያ አዋጅ ባይወጣ ኖሮ ስልክ ደውሎ «ስንት ገባ?» የሚልህ ገበሬ አይኖርም ነበር። የሚደውልልህ ባለመሬቱ ነበር።

ቀጥሎ የመጣውን ግን አልደብቅም። የገበሬ ማኅበሩ በ20 ጋሻ፣ በ800 ሄክታር መሆኑ ነው፣ ሲቋቋም መሪውን ራሱ ገበሬው መረጠ። የራሱን ክርክር ራሱ ዳኘ። አንድ ሁለት ዓመት ደስ የሚል ነገር አየን። ከዚያ ትእዛዝ ከላይ መውረድ ጀመረ። ይህን ያህል ኩንታል አስገባ፣ ይህን ያህል ሰው ለዘመቻ አምጣ። ሊቀ መንበሩ ጎረቤቱን የሚያስር ሰው ሆነ። በኋላ መንደር ምሥረታ ሲመጣ ሰው ከጓሮ ቡናው ተነቅሎ ሜዳ ላይ በመስመር ቤት ሥራ ተባለ።

ስለ ቀይ ሽብር ብዙ መጻፍ አልችልም። እጄ አይታዘዝልኝም። ይህን ብቻ ልበል። አብረውኝ ገመድ ከዘረጉት ውስጥ ሦስቱ ተገድለዋል። ሦስቱም ሶሻሊስት ነበሩ። የገደሏቸውም ሶሻሊስት ነን ይሉ ነበር። ፓርቲዎቹ ኢሕአፓውም መኢሶኑም፣ ሥልጣን የያዘው ደርጉም ያነበቡት አንድ ዓይነት መጽሐፍ ነው። ልዩነቱ «ሥልጣኑ አሁን ለሕዝብ ይሰጥ ወይስ ይቆይ» የሚል ነበር፤ መሣሪያ የያዘው ይቆይ አለ። ሰው መንግሥቱን «ተሳስተሃል» ማለት ካልቻለ ንብረቱ የጋራ ነው ማለት አይቻልም። የያዘው መንግሥት ነው።

መልኮ 74 | ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡40

ጋሼ እናመሰግናለን። የእግዚአብሔር ምሕረት ለጓደኞችዎ።

እኔ ግብርና ነው ያጠናሁት። ስለ መንግሥት መጥፎው ብቻ እንዳይወራ አንድ የጅማን ነገር ልንገራችሁ። በ1971 እ.ኤ.አ. የቡና ፍሬ በሽታ ወደ አገራችን ገባ። ፍሬው ገና አረንጓዴ እያለ ጠቁሮ ይረግፋል። መድኃኒት መርጨት ለጓሮ ቡና ገበሬ የማይታሰብ ነው። እዚህ መልኮ ያለው የምርምር ማዕከል ተመራማሪዎች በሽታው ባጠቃው ጫካ መሀል ጤነኛ ሆነው የቆሙ ዛፎችን እየፈለጉ መረጡ። የዝርያዎቹ ስም ቁጥር ነው። 74110፣ 74112፣ 74158 የሚባሉት። 74 የተመረጡበት የፈረንጅ ዓመት ነው። ዛሬ በዓለም ላይ ቡና ቆልተው የሚሸጡ ድርጅቶች ከረጢታቸው ላይ እነዚህን ቁጥሮች እየጻፉ በውድ ይሸጣሉ።

ይህን ሥራ የትኛው ነጋዴ ይሠራው ነበር? ዘሩን ገበሬው ከገበሬ ይወስዳል፣ ለጎረቤቱ ይሰጣል። ትርፍ የለውም። ገበያ ትርፍ የሌለውን አይሠራም። እንግሊዝ ካፒታሊስት አገር ናት፣ ግን ከ1948 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሕክምናን ከገበያ አውጥታ በግብር ትሸፍናለች። ለእኔ ጥያቄው «የትኛው ሥርዓት» ከሚለው ይልቅ «የትኛው ነገር በየትኛው» ቢሆን ደስ ይለኛል።

ማታ ፈረቃ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 12፡50

አሁን ከሥራ መውጣቴ ነው። ሁሉንም አነበብኩ።

ስለ ዛሬው ሠራተኛ ማንም አልጻፈም። እኔ ፋብሪካ ነው የምሠራው። ፋብሪካውን አልጠራም፣ ሥራዬን እፈልገዋለሁ። ሥራ መኖሩ ትልቅ ነገር ነው። ባለሀብቱ ባይመጣ እኔ ዛሬም ያለ ሥራ ነበርኩ። ይህን አልክድም።

ግን ስቀጠር «ደመወዙ ይህ ነው፣ ካልፈለግሽ በር ላይ ሌሎች አሉ» ነው የተባልኩት። እውነትም ነበሩ። በመስኮት አየኋቸው። እነሱም እንደ እኔ ፋይል ይዘው ነው የቆሙት። ይህ ስምምነት ይባላል? በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ የደመወዝ ቦርድ ተቋቁሞ ዝቅተኛ ደመወዝ እንዲወስን ይላል። እኛ ክፍል ስለዚህ አንቀጽ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እኔ ነኝ አንብቤ የነገርኳቸው። መምህር ስለ ትርፍ እሴት ሲጽፉ እኔ የታየኝ የቤት ኪራዬ ነው። ደመወዜ በገባ በሦስተኛው ቀን አከራዬ ትወስደዋለች። እሷንም አልፈርድባትም፣ ልጆች አሏት።

የሂርማታ ልጅ፣ ስለ አያትሽ ቤት ደግሞ፣ ያ የተወረሰው ቤት የቀበሌ ቤት ሆኖ ሊሆን ይችላል። እናቴ ያሳደገችን በቀበሌ ቤት ነው። ኪራዩ እዚህ ግባ የማይባል ስለነበር ነው ትምህርት የጨረስነው። ጣሪያው ሲያፈስ ግን ማንም አያድስም፣ የማንም አይደለማ። አጎትሽ እንዲያዝንብኝ አልፈልግም። ግን የእሱ ቁስልና የእኔ ትምህርት ከአንድ ቤት ሊሆን ይችላል።

ጀንፈል | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6፡05

ማታ ፈረቃ እህቴ፣ የጻፍሽውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጋሼ ዘማችም ስለ መሬቱ ያሉት ትክክል ነው፣ እቀበላለሁ። የእኔ አባት የነገደው ከባለመሬቶች ጋር ነበር፣ ያንን ጎን አላየሁትም።

ግን አቋሜን አልለቅም። ቬትናምን እዩ። የሚገዛቸው እስከ ዛሬ ኮሚኒስት ፓርቲ ነው። እስከ 1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በጋራ እርሻ ነበሩ። በ1986 እ.ኤ.አ. ማሻሻያ ጀመሩ። ቀጥሎ መሬቱን ለየቤተሰቡ በመጠቀም መብት ሰጡ፣ ሽያጩን ለቀቁት። አሥራ አምስት ዓመት ሳይሞላ ከብራዚል ቀጥሎ የዓለም ሁለተኛ ቡና አምራች ሆኑ። ያ ሁሉ የሆነው ሰውየው የለፋበትን ራሱ እንዲሸጥ ስለተፈቀደለት ነው። የእኛም መንግሥት በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ብሎ ጀምሮት ነበር። ረፍዶ ነበር።

ካፒታሊዝም ቅዱስ ነው አልልም። እኔ ራሴ ስንት ዓመት ገበሬው የዓለም ዋጋ ሳያውቅ ገዝቼዋለሁ። ያኔ ስልክ አልነበረም። ይህን የምጽፈው ማታ ማታ ስለሚያሳስበኝ ነው።

ጎማ እሸት | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡30

መምህሩ ሁለተኛ መንገድ ያሉትን ማንም ስላልነካው እኔ ልናገር። እኔ ገበሬ ነኝ፣ ጎማ ወረዳ። የሕብረት ሥራ ማኅበር አባል ነኝ።

ማኅበር ሲባል መጀመሪያ አባቴ እንቢ ብሎ ነበር። ለእሱ ማኅበር ማለት የደርጉ ኮታ ነው። ስሙን ሲሰማ ያመዋል። እኛ ግን በፈቃዳችን ነው የገባነው፣ መውጣትም ይቻላል። ባንክ ተበድረን የራሳችንን መፈልፈያ ተከልን። እሸት ስናስገባ በሚዛን ይከፈለናል። ቡናው ተሽጦ ዕዳው ሲቀነስ ደግሞ ባስገባነው ኪሎ ልክ ሁለተኛ ክፍያ አለ። ለነጋዴ ስንሸጥ ሁለተኛ የሚባል ነገር አልነበረም። በእኛው አካባቢ ዱሮሚና የሚባለው ማኅበር ቡና በ2012 እ.ኤ.አ. በጣዕም ውድድር ከአፍሪካ አንደኛ ወጥቷል። ዱሮሚና በኦሮምኛ ሀብት ማለት ነው።

ሁሉ ጥሩ ነው ግን አልልም። አንድ ዓመት ሒሳቡ አልገጥም አለ። ጠቅላላ ጉባኤ ተጠርቶ ጸሐፊው ደረሰኝ እያነሳ ሲያነብ አንዲት እናት ከኋላ ተነሱ። ማንበብ አይችሉም። «ያን ቀን የመኪና ኪራይ ያልከው፣ መኪናው ሰኞ አልመጣም። ሰኞ እኔ አልጋው ላይ ቡና እየለቀምኩ ነበር፣ ሳይቱ ላይ ምንም መኪና አልነበረም» አሉ። ዝም ተባለ። በዚያ ደረሰኝ ተጀምሮ ሌላውም ወጣ። ሊቀ መንበሩ ወረደ። ገንዘቡ ሁሉ አልተመለሰም፣ ግማሹ ቀርቷል።

ጋሼ ዘማች «ተሳስተሃል ማለት ካልቻለ» ያሉትን ሳነብ እኚያ እናት ናቸው የታዩኝ። በደርግ ጊዜ ያን ቢናገሩ ይታሰሩ ነበር። የነጋዴ ሳይት ቢሆን ደግሞ ደረሰኙ አይነበብላቸውም፣ የእሳቸው ጉዳይ አይደለም ይባላሉ።

ጀንፈል፣ ገበያውን አንጠላም። የምንሸጠው ገበያ ላይ ነው። ዋጋ ሲወድቅ አብረን እንወድቃለን። መፈልፈያው ግን የእኛ ነው።

የሂርማታ ልጅ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡15

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ አጎቴን ጠርቼ ሁሉንም ለእሱና ለአባቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። የጋሼ ዘማች ሽማግሌ ጋ ስደርስ አባቴ መነጽሩን አወለቀ። «የእኛም ቤት ነበር» አለ። «አባቴ ሲሶውን ጎተራ ውስጥ ለብቻ አድርጎት ነበር።» ይህን ነግሮን አያውቅም።

አጎቴ ማታ ፈረቃ የጻፈችውን እንደገና አንብቢው አለኝ። አነበብኩለት። ብዙ ቆይቶ «በአባቴ ቤት የገባችው ሴት አራት ልጅ አሳድጋበታለች» አለ። «አልፎ አልፎ በዚያ ሳልፍ ጣሪያውን አያለሁ። አባቴ በየሁለት ዓመቱ ቀለም ይቀባው ነበር።» አሁንም ቅሚያ ነው ይላል። ካሳ አልተሰጠንም፣ ማንም ይቅርታ አላለንም ይላል። አባቴ ዛሬ አልተከራከረውም። በረካው ተጠጣ።

ጎማ እሸት፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። አባቴ ማና ያለውን የአያቴን ቡና እስከ ዛሬ ለቡና ሰብሳቢ ነጋዴ ነው የሚሸጠው። ጎረቤቶቹ ማኅበር እንመሥርት ሲሉት እሱም እንደ አባትህ እንቢ ብሏቸው ነበር። ዛሬ ግን «የእነዚያን ሰዎች ስብሰባ ማየት ይቻላል?» አለኝ። እንግዳ ይፈቀዳል?

ጎማ እሸት | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡40

ይፈቀዳል እህቴ። ሒሳብ የሚነበበው የመጪው ሳምንት ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ነው፣ ሳይቱ ላይ። አባትሽን ይዘሽ ነይ። አጎትሽንም።